የእማዬ ሽርፋት

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አፍንጮ በር ባለችው ቤታችን መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ የአባቴን ታጣፊ ምላጭ ሳድስ ሰነበትኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ ያየሁትንና ልጅ ሆኜ አባባ ፒያሳ በነበራቸው ጸጉር ቤት ውስጥ ቆሜ የቃረምኩትን አቀላቅዬ ነው።

እጀታው ጥቁር ቀንድ ነው። ስለቱ መሀል ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሽርፋት አለችው። የእማዬ ሥራ ናት፤ የዱቄት ወተት ጣሳ ልትከፍትበት ስትታገል ሸረፈችው። አባባ ያኔ አኩርፈው ከረሙ።

እማዬ ስታርፍ አባባ ጺማቸውን አሳደጉ። የሐዘን ወግ ነውና ማንም ምንም አላላቸው። ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላም ግን ጺሙ ቀጠለ፣ ከቤት መውጣቱም ቀረ። «አባባ፣ አሁንስ ይላጩ እንጂ» ስላቸው፣

«በምን? ምላጬ ተሸርፏል።»

«ሱቁ ሁሉ ምላጭ አይደል እንዴ?»

«የሱቅ ምላጭ ፊቴን የት ያውቀውና» ይሉኛል።

እንግዲያው ብዬ ያዝኩት። ዝገቱን በነጭ ጋዝ ነክሬ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ አሸሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ እኔ አሻለሁ። ከዝገቱ ሥር መጀመሪያ የመስኮቱ ብርሃን ብቅ አለ፣ ቀጥሎ አንድ ዓይን። የኔ ዓይን ነው፤ ግን እማዬ ከብረቱ ውስጥ የምታየኝ መሰለኝ። እኔም መልሼ አየኋት።

ቀጥዬ ስለቱን እርጥብ የመሳያ ድንጋይ ላይ አስተኛሁት። ሽርፋቷ እንድትጠፋ ስለቱ በሙሉ እሷ ድረስ መበላት አለበት። ሽው፣ ሽው ይላል። ድምፁ ፒያሳ መለሰኝ፤ የሳሙና ሽታ፣ ነጭ ፎጣ፣ እግሬ መሬት የማይደርስበት ወንበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አባባ ከአልጋቸው።

«ሽርፋቷን እያጠፋሁ።»

«ተዪያት። የሷ ናት።»

እጄ ቆመ። ዕድሜ ልካቸውን ምላጭ ሲስሉ የኖሩ ሰው ይህን ለምን ራሳቸው እንዳልሳሉት የገባኝ ያኔ ነው።

«ታዲያ እስከ መቼ እንዲህ ሊሆኑ ነው?» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ከአልጋቸው ተነሡና አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ ምላጩን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱት። የቀረችው የስናፍጭ ፍሬ ታህላለች።

«ጣሳውን ግን ከፍታዋለች» አሉ።

«አውቃለሁ። እርስዎ ሲያኮርፉ እሷ ሻይ በወተቷን ትጠጣ ነበር።»

ከጺማቸው ሥር ሲስቁ ሰማኋቸው። ድንጋዩን ወደ ራሳቸው ሳቡና ጎንበስ ብለው፣ እንደ ድሮው ብረቱን ሳይጫኑ፣ የቀረችውን ራሳቸው ሳሏት። ሲጨርሱ ስለቱን ወደ መስኮቱ አነሡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለስልሷል።

«ብትኖር ሳትሸርፈው እስከ ነገ አታደርሰውም ነበር» አሉ፤ ጺማቸውን ዳሰሱና፣ «በይ፣ ውሃ አሙቂልኝ።»