ሁለተኛው ጉርሻ

ልጄ የአጎቷን እጅ ያጎደለች እሷ እየመሰላት አራት ዓመት ኖረች። እኔ ደግሞ እሷ አለመሆኗን እያወቅሁ አራት ዓመት ዝም አልኩ። እንግዲህ የምጽፈው ይህንኑ ነው። ፊደል ቆጥሬ አቡጊዳ ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ።

ነገሩ የተጀመረው በደስታ ነበር። ልጄ ደብረ ማርቆስ የድሬሰርነት፣ የሐኪም ረዳትነት፣ ትምህርቷን ጨርሳ ሞጣ ክሊኒክ ተመደበች። ሰፈሩ እልል አለ፣ እኔም አልኩ። እልልታው ከአፌ ሳይወጣ ግን መንገዱን አሰብኩ። ከምንኖርበት ከቢቸና እስከ ሞጣ መንገዱ ክፉ ነው። በክረምት መኪና የለም፤ በበጋም ቢሆን ከጭነት መኪና ላይ ወርዶ በእግር የሚታለፍ ስንት ቦታ አለ። ክሊኒኩ ደግሞ ለክትባት ገጠር ለገጠር ያዞራታል አሉኝ። ያላገባች፣ መልክ ያላት፣ ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ! በዚያው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ከገበያ ስትመለስ ተጠልፋ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ «የሆነው ሆኗል» ተብሎ እዚያው ቀርታለች። እናቷ ዘንድ ሄጄ ስቀመጥ ለእሷ ማዘን ሲገባኝ የማስበው ስለ እኔዋ ነበር።

ከሟቹ ባሌ የቀረ ሽጉጥ ነበረን። ባሌ ለአውራጃው ፍርድ ቤት እስረኛ ያመላልስ ነበርና የታጠቀው እሱን ነው። ስድስት ጎራሽ፣ አፉ ሰፊ፣ ሲያነሡት ክንድ የሚጎትት ከባድ መሣሪያ። ባሌ ሲሞት ከነጥይቱ ቆርቆሮ በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። አሁን አወጣሁት።

«እማዬ፣ እኔ የምወጋው በመርፌ ነው» ብላ ሳቀች ልጄ።

«የሚጠልፍሽ ሰው መርፌ አይፈራም» አልኳት።

የሌላዋ ጎረቤቴ ነገርማ አይጣል። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ሴት ልጅ ሽጉጥ ታጥቃ ማን ሊያገባት ነው? ሚዜዎቹ ጋሻ ይዘው ይምጡ እንግዲህ!» አለችኝ። እኔ አልሳቅሁም። እምቢ ስትል ለመንኳት፣ ስለምናት እምቢ አለች፣ አለቀስኩ። ልጄ እንባዬን አትችልም፤ እሺ አለች። ልቅሶዬ ባይኖር ኖሮ እላለሁ ዛሬ።

የሚያስተምራት ታላቅ ወንድሜ ነበር። በሁለት ዓመት ነው የሚበልጠኝ። ዕድሜውን በወታደርነት ጨርሶ ወደ አባታችን መሬት ተመልሶ የሚያርስ ሰው ነው። ሽጉጡን ሳሳየው ከፍቶ አየው፣ መዘነው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እታለም፣ ይህ ለጀማሪ አይሰጥም። ጀማሪ በትንሿ ነው የሚጀምር።»

«ትንሿ የታለች ታዲያ?»

«የለችማ።»

«እንግዲያውስ?»

«እንግዲያውስ በቀስታ ነዋ። እኔ ያልኩትን ብቻ ካደረገች። አንቺም ጭምር።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ወንድማለም?» አልኩት። ይህን ማለቴን አልረሳም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ጥይት የሚባል አላሳያትም። በጓሮአችን ባዶውን ሽጉጥ አስይዞ ያቆማታል። ሁለት እጅ፣ ክንድ ዘርጋ፣ ወገብ ወደ ፊት ዘንበል፣ ጣት ከቃታው ውጭ። አፈሙዙ ወደ ዶሮ እንኳ ከዞረ ይቆጣል።

«ባዶ ነው?» ይላታል።

«ባዶ ነው፣ አጎቴ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎታ አሁን ያራገፉት!»

«እኔን ማን እመኚ አለሽ? ክፈቺና እዪ። በዚህ ነገር ዓይን እንጂ ጆሮ አይታመንም።»

ከዚያ ከከተማው በታች ወዳለው ቦረቦር ወረድን። ፊት ለፊት እንደ ግድግዳ የቆመ የአፈር ናዳ አለ፤ ጥይት ቢሄድ እዚያው ይቀበራል፣ ከጀርባውም ሰው አያልፍም። ወንድሜ ይህን ቦታ ለመምረጥ ሁለት ቀን ዞሯል። የተሰበረ ቅል ናዳው ሥር አኖረ፣ ለሁላችንም ጆሮ የሚወተፍ ጥጥ ሰጠን፣ ከቆርቆሮው አንዲት ጥይት ብቻ አወጣ።

«ለጀማሪ አንድ ብቻ ነው የሚያጎርሱት» አላት። «ይህ ነገር እንደ በቅሎ ይራገጣል። ሲራገጥ ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው እጁን ይጨብጣል፣ ሳያውቀው ቃታውን ይደግመዋል። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ቀጭ ይላል፣ በቃ። እንሥቃለን።»

እንዳለውም ሆነ። ተኮሰች፤ ሽጉጡ እስከ ግንባሯ ዘለለ፣ ወዲያው ቀጭ አለ። ወንድሜ ሣቀና፣ «ሰማሽ? ይቺ ቀጭ ያለችው የሰው ነፍስ ናት» አላት።

ልጄ ነፍስ የምትለውን ቃል ሰማች። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ጆሮዬ የያዘው «አንድ ብቻ ነው የሚያጎርሱት» ያለውን ነው። በእኔ ቤት ለማንም አንድ ጉርሻ ተሰጥቶ አያውቅም። እንግዳ ቢሆን፣ ለማኝ ቢሆን፣ የተጣላሁት ሰው ቢሆን። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለተኛው ያፋቅራል፤ ይህን ያልሰማ የጎጃም ልጅ አለ? ለወንድሜም ነገርኩት።

«ይኼኛው ጉርሻ ሲደገም ነው የሚያጣላ» ብሎ ሣቀብኝ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ተኩሳ የእጇ አንጓ አበጠ። ወደ ቤት ስንወጣ፣ «ጠላኝ፣ እማዬ። ይህ ሽጉጥ አይወደኝም» አለችኝ። ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። ተጣሉ ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ። በአንድ ጉርሻ ተጣሉ። ደግሞስ ጠላፊ ብቻውን ይመጣል? አንድ ጥይት ተኩሳ ቀጭ ስታሰኝ ይሥቁላታል? ሁለት መተኮስ እንደምትችል ወንድሜ ቢያይ አንድ ብቻ ማለቱን ይተውላት ነበር፣ እሷም ሽጉጡን ትለምደው ነበር እያልኩ አመሸሁ።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ራሷ እንድታጎርሰው ፈቀደላት። ጥይቷን ሰጣት፣ አስገባች፣ አሳየችው። «ጎሽ» አላት። ያን ጊዜ ቅሉ ከቆመበት ወደቀ። የእሱ ሕግ፣ ከፊት ሰው ካለ ሽጉጥ በእጅ አይያዝም የሚል ነው። ልጄ ሽጉጡን ጥይት የሚጎርስበት ሆዱ እንደ ተከፈተ መሬት ላይ በተነጠፈው ጋቢ ላይ አስቀመጠችና ዞር ብላ ነጠላዋን ታደገድግ ጀመር። ወንድሜ ቅሉን ሊያቆም ሄደ። እኔ ጋቢው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ቆርቆሮው ከጉልበቴ ሥር ነው።

ሁለተኛይቱን ጥይት አነሣሁ። ቀዝቃዛ ነበረች። ከልጄ ጥይት ቀጥሎ ባለው ቀዳዳ ስከታት ያለ ምንም ድምፅ ገባች። በልቤ «አፋቅር» አልኩ። እንደ ጸሎት ነው ያልኩት፤ እግዜር ያውቃል።

ወንድሜ ተመለሰ። «ስንት ጎረሰ?» አላት።

«አንድ።»

ወደ እኔ ዞረ። «እታለም፣ እዚሁ ነበርሽ። አየሽው?»

«አየሁት» አልኩ።

ውሸት አልነበረም፤ አይቼዋለሁ። እሱም ያን ቀን ብቻ ጆሮውን አመነ፣ እኔ እህቱ ስለሆንኩ። ሽጉጡን ራሱ ሳያይ ዘግታ እንድታነሣ ነገራት፤ እሷም በእሱ አምና ሳታይ ዘጋችው።

ተኮሰች። ጥይቷ ቅሉን ስታ አፈሩን አቦነነችው፣ ሽጉጡም ወደ ላይ ዘለለ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ከቀኝ ትከሻዋ ኋላ ሆኖ ክንዷን ሊደግፍ እጁን ሰደደ። ሁለቱም ቀጭ የሚለውን ነበር የሚጠብቁት።

ቀጭ አላለም።

ጥይቷ በቀኝ መዳፉ አለፈች፤ ሁለት ጣቶቹን ይዛ ሄደች። ወንድሜ አልጮኸም። የጮኽኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሽጉጡን ጥላ ነጠላዋን ቀደደች፣ ክንዱን ከክርኑ በላይ አሰረች፣ እጁን ወደ ላይ አስያዘችው። «አጎቴ፣ እኔን ይዩኝ፣ እጅዎን አይዩ» ትለዋለች። ማሰሪያውን ከጨረሰች በኋላ ነው ቁጭ ያለችው። ወንድሜ በደህናው እጁ ክፍቱን ቆርቆሮ ከጉልበቴ ሥር አንሥቶ ክዳኑን ገጠመ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ቢቸና ክሊኒክ ስንደርስ ሐኪሙ፣ «ማነው ሁለት ያጎረሰው?» ሲል ጠየቀ።

«የቤት ሰው ነው። ጉርሻ አበዛበት» አለ ወንድሜ።

የነበሩት ሁሉ በዚያ ሁኔታ ይቀልዳል ብለው ሣቁ። ቅኔው ለእኔ ነበር፤ ሰሙም ወርቁም ገብቶኛል። ፖሊስ ጣቢያ ግን «ራሴው ረስቼ ነው» ብሎ አስመዘገበ፤ ሽጉጡንም እዚያው አስረከበ።

ልጄ አላመነችውም። «አጎቴ ለእኔ ብለው ነው፣ እሳቸው ቅሉ ዘንድ ነበሩ። አንድ ነው ያስገባሁት፣ አይደል እማዬ? ወይስ ሁለት ነበር?» እያለች ጣቶቿን ትቆጥራለች። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። «ተይው፣ የአጋንንት ሥራ ነው» አልኳት። ብነግራት ትጠላኛለች ብዬ ፈራሁ። ጠላፊውን የፈራሁትን ያህል ልጄን ፈራኋት።

ሽጉጥ ሳትይዝ ሞጣ ሄደች። የጠለፋትም የነካትም የለም፤ አገሬው «እህቴ ሐኪሟ» እያለ በበቅሎ ያደርሳታል አሉ። በመጀመሪያው ዓመት ለበዓል መጣች። አጎቷ እርፍ መጨበጥ አቅቶት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ደጅ ተቀምጦ አገኘችው። እጁን ይዛ ስታጥብለት አየኋት፤ ምሳ አልበላችም። በሁለተኛው ዓመት አንዴ ብቅ አለች። ከዚያ ደብዳቤ ብቻ ሆነ፤ ደብዳቤው ሥራ በዝቶብኛል ይላል። ጠላፊ እንዳይወስድብኝ ብዬ ያደረግሁት ነገር ልጄን ወሰደብኝ።

ዘንድሮ በጾሙ መጀመሪያ ወንድሜ በግራ እጁ ምርኩዙን ይዞ መጣ። ስለዚያ ቀን ከእሱ ጋር ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

«እታለም፣ እኔ እጄን ለምጄዋለሁ። ልጅቱ ግን አልለመደችውም» አለኝ።

በርጩማ አቀረብኩለት።

«ያን ቀን አየሽው ብዬ ስጠይቅሽ አየሁት አልሽኝ። ያየሽውን ንገሪያት።»

በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ደብረ ወርቅ ላይ አድሬ ሞጣ ገባሁ። የተከራየችው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ነጭ ልብሷ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ደንግጣ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም አለመሞቱን ነግሬ፣ ሳልቀመጥ፣ መንገድ ሙሉ ያጠናሁትን ሁሉ ረስቼ፣ «ሁለተኛይቱን ያጎረስኩ እኔ ነኝ» አልኳት።

«የትኛው ቀዳዳ ውስጥ?» አለች።

«ካንቺዋ ቀጥሎ ባለው።»

«አንድ ነበር እንግዲህ» አለች ለራሷ። «ያስገባሁት አንድ ነበር።» ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ቀና ስትል ዓይኗ ደርቋል። «አራት ዓመት፣ እማዬ። አንድ መርፌ ለመቅዳት ሦስት ጊዜ ነው የምቆጥረው። በሽተኞቹ ቀስታ የሚል ስም አውጥተውልኛል። አንቺ ታውቂ ነበር!»

«ልጄ፣ እንድትፋቀሩ ብዬ...»

«ከማን ጋር?»

ከሽጉጥ ጋር ይባላል?

ምሳ አቀረበች፤ ሽሮ ነበር። እናቷ ነኝና ማቅረብ ግድ ነው። በላን። መጨረሻው ላይ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። እየዋጥኩ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። እጇን ታጠበች።

ለትንሣኤ ቢቸና መጣች። ከመኪናው ወርዳ ደጄን አልፋ ቀጥ ብላ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች። ያቺ የአጥሯ ጎረቤቴ እየሮጠች መጥታ፣ «ልጅሽ ወንድምሽን እንደ ሕፃን እያጎረሰችው፣ ሁለቱም ይሥቃሉ!» አለችኝ።

«ስንት አጎረሰችው?»

«ጉርሻ ይቆጠራል እንዴ? ምን ነካሽ አንቺ!»

በኋላ ልጄ ወደ እኔም መጣች። ሦስት ቀን ተቀመጠች፣ ጉልበቴን አሸችልኝ፣ ስለ ሞጣ አወራችኝ። በየማዕዱ አብረን በላን። ሞጣ ላይ የቀረብኝን ሁለተኛውን ግን አላጎረሰችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ተጠይቆ የሚሰጥ ጉርሻ የለም።