ከካምፕ ስንመለስ ለቤዛ ያልነገርኳት

ዛሬ ሳንሱሲ ሰፈር ከአውቶቡስ አውርጄ ቤቷ ሳደርሳት፣ ቤዛ በራቸው ላይ የተተከለውን ድንኳን አየችና «ቲቸር፣ ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

መልሱን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አውቀው ነበር።

ቤዛ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቤተክርስቲያናችን ለታዳጊዎች ባዘጋጀው የክረምት ካምፕ ሳምንቱን ከእኛ ከአስተማሪዎቹ ጋር ነበረች። ትናንት አጎቷ ደውለው፣ «አባቷ ድንገት አረፈ። ከሰዓት እንቀብራለን። እንዳትነግሪያት፣ ስትመጣ እኛው እናረዳታለን» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

የልጆቹ ስልክ ይሰብሰብ የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለጸሎት እንዲመቻቸው ብዬ ነበር፤ ለዚህም ተመቸ።

አባቷ በሚቀበሩበት ሰዓት እሷ መዝሙር ትመራ ነበር። ዛሬም መንገዱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ለአባቷ ምን ምን እንደምታወራለት ስትነግረኝ መጣች።

እናቷ ሲያዩዋት «አባትሽ ሄደብን!» ብለው ጮኹ። ቤዛ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «መቼ ነው የሰማሽው?» አለችኝ።

«ትናንት።»

«ስዘምር እያየሽኝ ዝም አልሽ?»

ላቅፋት ስል እጄን ቀስ ብላ አወረደችው።

ከቀብር ቀርታችሁ መርዶ የሰማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። የደበቃችሁን ሰው ይቅር ማለት ቻላችሁ?