ዘሃራን ያባረራት ሰው ዛሬ ፎቶዋን ለጥፏል

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት። "ፋርማሲስት ዘሃራ አረፈች" ይላል። ሌላ ዘሃራ ትሆናለች ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። መልሼ አወጣሁት። ራሷ ናት። ሁለት ወር ታማ ነበር፤ ግን ባለፈው ሳምንት እኮ ለእናቴ ደውላ "ተሽሎኛል" ብላታለች!

የለጠፈው ድሮ ትሠራበት የነበረው፣ ጳውሎስ አካባቢ ያለው ፋርማሲ ባለቤት ነው። "የቤታችን ኩራት" ብሏታል። ተጸየፍኩት።

በቃ፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። እናቴ የልብ ሕመም ስላለባት ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ትወስዳለች። ሆዷን አሟት አንድ ክሊኒክ ሜትሮኒዳዞል የሚባል መድኃኒት ታዘዘላት፤ ማዘዣውን ይዤ ዘሃራ ጋ ሄድኩ።

ዘሃራ "ሌላስ ምን ይወስዳሉ?" ሳትል ለማንም መድኃኒት አትሰጥም። ነገርኳት። ማዘዣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። ደም ሊፈሳቸው ይችላል። ሐኪሙን ሳላናግር አልሰጥህም።"

"አንቺ ከሐኪም ትበልጫለሽ?" ብዬ ጮህኩባት። ከኋላዬ የተሰለፈውም ሰው አጉረመረመ። ባለቤቱን የጠራሁት እኔ ነኝ። መጣና በሰው ፊት "ሥራሽ ደንበኛ ማባረር ነው እንዴ?" አላት።

እሷ ወደ ክሊኒኩ ደወለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ክሊኒኩ እስኪያነሳ ጠበቀች። ሐኪሙ ሲሰማ ደነገጠ፤ ድምፁ እኔም ጋ ይሰማል። "ዋርፋሪን እንደሚወስዱ አልነገሩኝም" አለ። እሱም አልጠየቀም! ወዲያው በሌላ ቀየረው።

በወሩ ባለቤቱ ከሥራ አስወጣት። "ሰው ታጉላላለች" ተብሎ። ያን ቀን ከእኔ አፍ የሰማት ቃል ናት።

ሌላ ሥራ እስክታገኝ ድረስ የሰፈሩ ሰው መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ ቤቷ ይሄድ ነበር። በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ እያነበበች "ይሄን ከዚህ ጋር እንዳትወስጂ" ትላለች። እናቴም ትሄድ ነበር። እኔ ግን መንገድ ላይ ሳያት እሻገራለሁ።

ስለዚህ የተጸየፍኩት እሱን ብቻ አይደለም፤ ራሴንም ነው። ግን እሱ ዛሬ የሐዘን መልእክት እየተቀበለ ነው። "አይዞህ" ይሉታል። ምን ሆኖ?

ዘሃራ፣ እናቴ ከጠዋት ጀምሮ እናትሽ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ደውዬ እንሂድ ብላት እምቢ አለችኝ። እኔ ግቢያችሁ በር ላይ ቆሜ ይሄን እጽፋለሁ፤ መግባት አፍሬ።

ደህና ሁኚ። ፈጣሪሽ በክብር ይቀበልሽ። እናቴን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ይሄን በቁምሽ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።