ቢላዋው ሳይደርስ

አማቴ ፍራንክፈርት በመጡ በሁለተኛው ወር ቀበቷቸውን ሁለት ቀዳዳ አጠበቁ። ሥጋ አይቀምሱም ነበር። የሱፐርማርኬቱን «ማን አረደው? በማን ስም?» እያሉ፣ የቱርኩን ሱቅ ደግሞ «የእስላም ነው» እያሉ፣ ቦናመስ በሚባለው ሰፈራችን፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ በምስርና በሽሮ ከረሙ። ባለቤቴ አባቷን ባየች ቁጥር እኔን ትገላምጠኛለች። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የቀረበልኝን ጸልዬ እበላለሁ። ይህንን አማቴ ከሠርጋችን ጀምሮ አልወደዱልኝም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ «አንተ ሰውዬ» እንጂ ሌላ ስም አልነበረኝም።

ኤርፖርት ሻንጣ አብሮኝ የሚጭን አንድ ጀርመን አዳኝ ነው። የከተማው ደን በዓመት አንድ ቀን መንገዱ ይዘጋና አዳኞች ከርከሮና አጋዘን ይተኩሱበታል። ጠመንጃ የያዙት በየቦታቸው ይቆማሉ። እንደ እኔ ያለው ደግሞ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ቁጥቋጦ በዱላ እየመታና እየጮኸ እንስሳቱን ወደ እነሱ ይነዳል፤ ትራይበር ይሉታል። ባልደረባዬ «ና፣ ሥጋ ይደርስሃል» አለኝ።

ለአማቴ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። አጋዘን በመጽሐፍ የተፈቀደች ናት።

«ግን በጥይት ከሞተች በክት ናት» አሉኝ። «ነፍሷ ሳትወጣ ደርሰህ፣ በስመ አብ ብለህ ከባረክሃት ብቻ ነው።»

«እሮጣለሁ፣ አባባ።»

የወጥ ቤቱን ቢላዋ ራሳቸው በስኒ ቂጥ ስለው ሰጡኝ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከመስመር መውጣት ክልክል መሆኑ ሁለት ጊዜ ተነግሮናል። አንዲት አጋዘን ከፊታችን ብድግ ብላ ሮጠች፣ ተኩስ ተሰማ፣ ወደቀች። እኔም ቢላዋዬን መዝዤ እንደ እብድ ሮጥኩ። ከኋላዬ «ሃልት! ሃልት!» ይላሉ፤ ቁም ማለታቸው ነው። ስደርስ ዓይኗ እንደተከፈተ ነው። እጄን አንገቷ ላይ ጫንኩ፤ ትሞቃለች፣ አትተነፍስም። ተንበርክኬ አንዴ እንኳ እንድትንፈራገጥ ጸለይኩ። አንዲት ፍጥረት ጥቂት ደቂቃ ተጨማሪ እንድትሰቃይልኝ መለመኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባልደረባዬ እያለከለከ ደረሰና ጠመንጃ ፊት በመሮጤ አጥንቴ ድረስ ሰደበኝ። ቀጥሎ ቢላዋውን አየ። «ምን ልታደርግ ነው? ሞታለች እኮ!» አለኝ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቅጠል ያለው ቀንበጥ ሰብሮ አፏ ውስጥ አኖረላት። የመጨረሻ ጉርሻዋ ነው፣ ወጋችን ነው አለ። እሱ እሷን ሲያከብር እኔ ቤት ስገባ የምናገረውን አስብ ነበር።

የምናገረው ነገር ግን አላስፈለገም። ባለቤቴ በሩን ከፍታ የሥጋውን ፌስታል ስታይ «አባዬ፣ ራሱ አርዶ አመጣልዎት!» ብላ ጮኸች። ያኔ አንዲት ቃል ይበቃ ነበር፤ እኔ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ማታ አማቴ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ሲጨርሱ «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ! ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ ጥፋቴን ይበልጥ የሚያከብደው እሱ ነው። የነቢያት ጾም ሳይገባ ፍሪዘሩ ባዶ ሆነ፣ እሳቸውም ጉንጫቸው ሞልቶ አገራቸው ገቡ።

ከፋሲካ በኋላ ደወሉ። የፈለጉት ልጃቸውን ሳይሆን እኔን ነበር።

«ልቆርብ ንስሐ እየገባሁ ነው» አሉኝ። «ያቺን አጋዘን ስትደርስባት ነፍስ ነበራት? ባይኖራትም ግድ የለም። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን እቀበላለሁ። ብቻ እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ።»

በሩን ወለል አድርገው ከፍተውልኝ ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ፈገግ ብላ ታየኛለች።

«ነበራት፣ አባባ» አልኩ። አልበቃኝም፤ «እግሯ ይንፈራገጥ ነበር» ብዬ ጨመርኩ።

«ተመስገን። እንግዲያው አንተን አምኜ እቆርባለሁ።»

እሑድ ቆረቡ። እኔ በዚያው ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያናችን በተከራየችው አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለት እጄን አንስቼ እዘምር ነበር።