ከነላስቲኩ

ሰውየው በየማለዳው ፌርማታው ዘንድ ሲደርስ አካፋውን አግዳሚው ላይ ያስደግፍና መዳፉን የዛፉ ግንድ ላይ ያሳርፋል። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ከዚያ እሳት እንደነካ ሰው እጁን ይሰበስባል። አውቶቡስ የሚጠብቁት፣ "ልጁን ሰላም እያለ ነው" ይላሉ፤ "የጥላው አባት" የሚል ስም ካወጡለትም ቆይተዋል።

"የጥላው አባት፣ ልጅዎ እንዴት አደረ?" ይለዋል ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ።

አውቶቡሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነውና ድምፅ የለውም፤ ሁልጊዜ ሳይታሰብ ከአጠገቡ ይገኛል።

"እንደ ድመት እየመጣህ አታስደንግጠኝ እንጂ!"

"ምን ላድርግ? ይህቺኛዋ እንደ ድሮዋ አታስልም፣ አታጨስም።"

ሰው ይስቃል። እሱም ፈገግ ይልና ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። ዛፉን የተከለው እሱ አይደለማ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። መንገዱ ለአውቶቡስና ለእግረኛ ተለይቶ ሊመረቅ፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ ዳሩ በችግኝ እንዲሞላ ታዘዘ። ካቦው ሰዓቱን እያየ "ቶሎ! ቶሎ!" ይላል። ችግኝ የሚመጣው ከነአፈሩ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ከመቀበሩ በፊት ላስቲኩ ካልተቀደደ ሥሩ መውጫ አጥቶ ይታነቃል። ይህን የዚያ ሥራ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱም ያውቃል። ግን ሰዓቱ አጠረበት፤ ከደረሱት አሥራ ሁለት ችግኞች አሥራ አንዱን ከነላስቲኩ እየከተተ አፈር መለሰባቸው። አሥራ ሁለተኛውን የተከለችው ውሃ አጠጪዋ ናት። የውሃ ጎማ ከእጇ ስለማይለይ "እትዬ ጎማ" ይሏት ነበር። ላስቲኩን በጥርሷ ቀድዳ ተፋችና ችግኙን፣ "በል ልጄ፣ እግርህን ዘርጋ" አለችው።

የዚያን ቀን፣ ቀድሞ ጨረሰ ተብሎ የተጨበጨበለት እሱ ነው።

ግማሽ ዓመት ሳይሞላ አሥራ አንዱ ደረቁ። ካቦው እትዬ ጎማን ከሰው ፊት አቁሞ፣ "ውሃ ነፍገሽ ገደልሻቸው" አላት።

"ኧረ በልጆቼ! በቀን ሁለቴ ነው የማጠጣው!" ወደ እሱ ዞረች። "አንተ ንገረው እንጂ ወንድሜ፣ አብረን አይደል የምንውለው?"

እሱ የአካፋውን ጫፍ እያየ፣ "እኔ እንጃ" አለ።

በዚያች "እኔ እንጃ" ሴትዮዋ ከሥራዋ ተባረረች። የተረፈው አሥራ ሁለተኛው ዛፍም ውሎ አድሮ የእሱ ተባለ፤ እሱም አይደለም አላለም።

ዘንድሮ ፌርማታው ሰው አረፍ የሚልበት ትንሽ አደባባይ ሆነ። አግዳሚዎች ተደረደሩ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ቆመ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ "ይህን ዛፍ የተከለ" ብሎ የእሱን ስም በነሐስ ሰሌዳ ሊያቆምለት መሆኑ ተነገረው። ሚስቱ ሸሚዙን እየተኮሰች፣ "ይኸው፣ ልፋትህን የሚያይ ዓይን ተገኘ" ስትለው የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል፤ እሱ ዘጠኝ ዓመት በሰው ጥላ ተቀምጧል። አሁን ደግሞ ውሸቱ በነሐስ ሊጻፍ ነው።

ማዕዱን ትቶ ተነሣ። አውቶቡስ ይዞ ሄደና የእትዬ ጎማን በር አንኳኳ።

"አንተ! ምን እግር ጣለህ?" ፀጉሯ ሸብቷል፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው። "ግባ እንጂ፣ እንደ ዕዳ ጠያቂ በር ላይ አትቁም!"

አልገባም። "እትዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ከነላስቲኩ ነው የቀበርኳቸው። ነገ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ እናገራለሁ።"

"መጀመሪያ ቁጭ በል" አለችው፣ በርጩማውን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች።

በማግሥቱ ተናገረ። ሰሌዳው ዛሬ የእሷን ስም ይዞ ቆሟል፤ ሾፌሩም "የጥላው አባት" ማለቱን ትቶ በእጁ ብቻ ሰላም ይለዋል። ሰውየው ይህ ሁሉ ቢጻፍ አልጠላም፤ ጭብጨባውም፣ "እኔ እንጃ" ማለቱም ይጻፍ ብሎኛል። በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሰማት አንዲት ነገር ብቻ ሳትጻፍ እንድትቀርለት ለመነኝ።

"ለመሆኑ ጠርጥረሽኝ አታውቂም?" ብሎ ጠይቋት ነበር።

"በተባረርኩ ማግሥት ሄጄ ከደረቁት አንዱን ነቅዬ አየሁት። ላስቲኩን ይዤ ካቦው ዘንድ ልሄድ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተውሽው?"

"አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ።"