ለሚሄደው የተተወው ክፍል

አሮጌ ኮምፒውተር ሲበራ የሚሸት የሞቀ አቧራ አለ። ባለፈው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን የመጣ ወጣት ቴክኒሻን እንዲያ የሚሸት ማሽን ከፈተና ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ሊጭንበት «ሙሉውን ዲስክ ተጠቀም» የሚለውን ነክቶ አለፈ። ምን አለበት አላለ፣ የማን ነው አላለ። ልጁ አላጠፋም፤ ዲስኩ ባዶ ነበር። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። ልቤ ቡራዩ ሄደብኝ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከልብሳችን አልለቅ ወዳለበት ዘመን።

ያኔ እኔና ታላቅ ወንድሜ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነበረችን። እሱ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ሱቋን የምይዛት እኔ ነኝ። በተቃውሞው ግርግር ፋብሪካው ሲዘጋ እሱም ከእኔ ጋር መዋል ጀመረ። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል። የሚመጣው ሰው ወይ ሥራ ፍለጋ ሲቪ የሚያስጽፍ የደቡብ ልጅ ነው፣ ወይ የሠርግ ፎቶውን እኛ ዘንድ የሚያስቀምጥ ጎረቤት። ሁሉም ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ፍላሹ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። አንድ ጠዋት ኮምፒውተራችንን ብከፍተው የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ ሁሉም የማይከፈት ሾርትከት ሆኖ ጠበቀኝ። አለቀስኩ።

ወንድሜ ፋይሎቹን እንደምንም አወጣቸውና ከጎረቤታችን ባለሱቅ በተዋስነው ሃርድ ዲስክ ላይ አሸሻቸው። ከዚያ በዲቪዲ የተገለበጠ ሊኑክስ ከጓደኛው አመጣ። ዊንዶውስ ለአማርኛ ጽሕፈት ይቀራል፣ የሰው ፍላሽ የሚከፈተው ግን ያ ቫይረስ በማይሠራበት በሊኑክስ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ዲስክ ላይ እንዲያድሩ መጀመሪያ መከፋፈል ነበረበት። በግማሽ የተዘጋው የብረት በራችን ጀርባ ላይ በጠመኔ ረጅም ሳጥን ሣለና መስመር ያሰምርበት ጀመር።

«ዊንዶውስ ቀድሞ ይገባል» አለኝ። «ኋላ ካስገባነው የሊኑክስን ማስነሻ ደምስሶ ብቻዬን ነኝ ይላል። ጉልቤ ነው።»

«ይሄ ትንሹስ?»

«እሱ ሜሞሪው ሲጨናነቅ መተንፈሻ ነው። ትልቁ የደንበኞች ዕቃ ነው። ሲስተሙ ቢበላሽ እንኳ እሱ አይነካም። ፕላኑ ይኸው ነው።»

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል አባታችን ከውጭ ሰሟት። በዚያ ሰሞን የከተማው ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ ሕዝቡ ተነስቶ ስለነበር፣ ቡራዩ ውስጥ ፕላን ብሎ ጮክ ማለት የጤና አልነበረም። ጎንበስ ብለው በበሩ ሥር ገቡና «ማል ሆጄቱ? ምን ትሠራላችሁ? ደግሞ የማንን መሬት ነው የምትከፋፍሉት?» አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅን።

እሳቸው አልሳቁም። ሳጥኑን ትክ ብለው አዩት። በዚያ ሳምንት ወጣቶች ከየቤታቸው እየተወሰዱ ስለነበር ወንድሜን ድሬዳዋ፣ አጎታችን ዘንድ ሊልኩት ወስነዋል። ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

«የእሱ ድርሻ የቱ ነው?» ብለው ወደ ወንድሜ ጠቆሙ።

«አባ፣ ዲስክ እኮ ነው።»

«ይሁና። የሚሄድ ሰው ድርሻ ቀድሞ ነው የሚነሳው።»

እኛ ቤት እንዲህ ነው። ቅርጫ እንኳ ሲገባ የመንገደኛው መደብ ሳይነሳ ማንም እጁን አይሰድም። ወንድሜ ከሳጥኑ ጫፍ ላይ አንድ መስመር ጨመረና ባዶውን ተወው። አባታችን ሲወጡ «አንድ ፎልደር ይበቃ ነበር፣ ግን ደስ ይበላቸው» አለኝ። እኔ ደስ አላለኝም። መሄዱን ያመንኩት ያን መስመር ሳይ ነው።

ሲጭን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ የምትሞላዋን መስመር እናያለን። በመጨረሻ ማሽኑ ሲነሳ የቱን ልክፈት ብሎ የሚጠይቅበትን ጊዜ አረዘመልኝ። «ቀርፋፋ ነሽ፣ ይጠብቅሽ» አለ። ሊሄድ ሲል አባታችን ትከሻውን ይዘው «ነጋን ገሊ» አሉት፤ በሰላም ተመልሰህ ግባ ማለታቸው ነው። እኔ ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም።

ያን ክፍል አልነካሁትም። የደንበኞቹ ቦታ እየጠበበ ሲሄድ አሮጌ ፋይል አጠፋለሁ፣ በዲቪዲ እያወጣሁ እሰጣለሁ። ባለሱቁ ጎረቤታችን የልጃቸውን የኒካህ ቪዲዮ ሊያስቀምጡ መጥተው ቦታ የለም ብላቸው በስክሪኑ ላይ ባዶውን አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው ታዲያ?»

«የወንድሜ ነው።»

አንገታቸውን ነቀነቁና ሁለተኛ አላነሱብኝም።

በስልክ መቼ ነው የምትመጣው ስለው «መንገዱ ይረጋጋ» ይለኝ ነበር። መንገዱ ተረጋጋ። አባታችን ለእሱ ብለው የያዙት የማሳ ጥግ ግን መሬቱ ለከተማው ሲለካ አብሮ ተወሰደ። እሱም እዚያ አገባ፣ ወለደ፣ እህል ውኃው እዚያ ሆነ። እኔም ነገሩን እያወቅሁ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ከሰዓት ማሽኑ ሞልቶ አልሠራ ሲለኝ ደወልኩለት።

«ጫፍ ላይ ያለው ክፍል አለ አይደል?» አለ።

«አለ። ያንተ ነው።»

ከበስተጀርባው ሕፃን ያለቅሳል። ቆይቶ ዝግ ባለ ድምፅ «ከጎኑ ካለው ጋር ቀላቅይው፣ እህቴ» አለኝ። «እኔ እንግዲህ... ቀላቅይው። ሰው ይጠቀምበት።»

ትእዛዙን ፊደል በፊደል እየነገረኝ ጻፍኩ። ድሮ እንደሚያስተምረኝ ነበር የሚናገረው፣ ሳይቸኩል፣ «አየሽ?» እያለ። የመጨረሻውን ስነካ ነገሩ ወዲያው አለቀ። ባዶው ከሌላው ጋር ሆነ፣ የት ላይ እንደነበር እንኳ አይለይም።

«ጨረሰ?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት፣ ስልኩን እንዳይዘጋው።