እጇ የተያዘባት መምህርት

ሐሙስ ሐሙስ፣ የመጨረሻው ደወል ተደውሎ ልጆቹ ግቢውን ለነፋስና ለወፎች ለቀው ሲወጡ፣ መምህራኑ ወንበር እየጎተቱ ወደ ስብሰባው ክፍል ይገባሉ። እሷም ትገባለች። ከርእሰ መምህሩ በስተግራ፣ ከጠረጴዛው ጥግ ትቀመጣለች፤ ጥቁሩን መዝገብ ትገልጣለች፤ ቀኑን ትጽፋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው።

ጉድ ያደረጋት የእጅ ጽሑፏ ነው። የተቀጠረች ሰሞን ቃለ ጉባኤ ያዡ መምህር ታሞ ቀረና «ለዛሬ ብቻ አንቺ ያዢልን» ተባለች። ያዘች። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር መዝገቡን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ በክር እንደተሰካ ዶቃ የተደረደሩትን ፊደሎቿን አየና «ይሄማ ግጥም ነው!» አለ። ታማሚው ድኖ ሲመለስ ቦታውን መልሱልኝ አላለም፤ እንዲያውም አመስግኗት ከኋላ ወንበር ሄዶ ተደላደለ። «እጀ ወርቅ» የሚል ስም ወጣላት። ከዚያ ወዲህ አራት ርእሰ መምህራን ተፈራርቀዋል፤ እሷንም ከመዝገቡ ጋር እየተረካከቡ።

የሚጽፍ ሰው አይናገርም። ሌሎቹ ስለ ክፍል መጨናነቅ፣ ስለ መጽሐፍ እጥረት፣ ክፍል ውስጥ ስለሚጮህ ስልክ ሲከራከሩ፣ እሷ ቃላቸውን ከአፋቸው እየቀለበች ታሰፍራለች። የራሷ ሐሳብ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል፤ ያኔ ሌላ ሰው ይጀምራል፣ እጇ ይሮጣል፣ ሐሳቧም ተመልሶ ይወርዳል። ቤት ስትገባ ጫማ ሰፊው ባሏ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ «ዛሬስ ምን አልሽ?» ይላታል። «እኔማ ምን እላለሁ፣ ጻፍኩ።» ከዚያ ልብስ እያጠበች፣ ማንም እንዳይሰማት ዝቅ አድርጋ ታንጎራጉራለች፦

የሰው ነገር ሁሉ በእጄ አልፎ አልፎ፣
የኔ ነገር ቀረ ከንፈር ተደግፎ።

ያን ሐሙስ ግን የመጣው አጀንዳ የራሷን ልጆች የሚነካ ነበር። እሷ የምታስተምረው ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ስልሳ ሁለት ልጆች። ባለፈው ሳምንት ሁሉም በሰዓት እየተለኩ ለአንድ ደቂቃ አንብበው ነበር። ሃያ ቃል ያልሞሉት አሥራ አራት ሆኑ። የለካው የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ሐሳቡንም ያመጣው እሱ ነው፦ አሥራ አራቱ ተለይተው ከጓሮ ባለው የአሮጌ ወንበር መጋዘን ለብቻቸው ይማሩ፤ ሌላውን ወደ ኋላ አይጎትቱ።

«ሐኪም እንኳ በሽተኛውን ለይቶ ነው የሚያክመው» አለ ወረቀቱን እያርገበገበ።

«እዚያ መጋዘን የገባ ወንበር እንኳ ድኖ ሲወጣ አላየሁም እኮ» አሉ ሸምገል ያሉት የስፖርት መምህር። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ጋሼ፣ ቀልዱን ለሻይ ሰዓት ያቆዩልን» አለ ርእሰ መምህሩ።

እሷ ትጽፋለች። እጇ ይጽፋል፤ ልቧ ግን እዚያች ልጅ ዘንድ ነው፤ ጣቷን ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያሳረፈች፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ እያላመጠች የምታነብ ልጅ። በአንድ ደቂቃ አሥራ አንድ ቃል። ሁሉም ለዕረፍት ሲሮጥ ልጅቷ ብቻዋን ቀርታ ጨረሰችና፣ ስለ ጠፋችው ዶሮ የሚያወራውን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመምህርቷ ተረከችላት፤ ዶሮዋ ሲመሽ ምን እንደተሰማት ጭምር፣ መጽሐፉ ያልጻፈውን። ሃምሳ ስምንት ቃል ያነበበውን ጎበዝ ደግሞ «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?» ብትለው «አላየሁትም ቲቸር፣ ቶሎ ቶሎ እያነበብኩ ነበር» አላት።

«የምትደግፉ?» አለ ርእሰ መምህሩ። ሃያ ሁለት እጅ ወጣ፤ ወደ ቤታቸው የቸኮሉት የጋሼ ስፖርት እጅ ሳይቀር። «የሚቃወም?»

እጇን አወጣች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው፤ ብዕሩ ከጣቶቿ መሀል እንዳለ ነበር።

«ውይ፣ ቀለም አለቀብሽ እንዴ? እስቲ ብዕር ስጧት!» አለ ርእሰ መምህሩ።

ከሦስት አቅጣጫ ሦስት ብዕር መጣላት። አጠገቧ ያለችው የሳይንስ መምህርት አንዱን መዳፏ ውስጥ አድርጋ፣ ጣቶቿን እንደ እህት አጠፈችላት። ርእሰ መምህሩ ቀጠለ፦ «እንግዲህ ተቃውሞ ስለሌለ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ጻፊ።»

ጎንበስ ብላ ጻፈች። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ጻፈች።

በዚያ ቤት ልማድ፣ ከመፈረማቸው በፊት ጸሐፊዋ ተነሥታ ታነባለች። ድምፅዋ የሚሰማው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም የሌሎችን ቃል ተሸክሞ። ተነሣች፤ አነበበች፦ «...ውሳኔው ከአንዲት መምህርት በስተቀር በሁሉም ተደግፏል። መምህርቷ ያቀረበችው ምክንያት፦ የተለካው የልጆቹ አፍ እንጂ ልጆቹ አይደሉም። ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ከፈጣኖቹ መሀል ይቀመጥ፤ አንዱ ፍጥነት፣ ሌላው መረዳት ይማማራሉ።»

ርእሰ መምህሩ ቀና አለ።

«ማናት እሷ?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ተናገርሽ?»

«አሁን።»

ጋሼ ስፖርት በሳቅ ፈነዱ። የሒሳብ መምህሩ ግን ብድግ አለ። «ያልተባለ ነገር መዝገብ ላይ አይሰፍርም! ይሰረዝ!»

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «አይሰረዝም» አለ። ልቧ ዘለለ። «ይህን ያህል ከቆረቆሩሽ አንቺው ያዣቸው። አሥራ አራቱን ይዘሽ መጋዘኑን ትረከቢያለሽ፤ የቀሩት ለአዲሷ መምህርት ይሰጣሉ። ጨምሪበት።»

«እኔ እኮ አይለዩ ነው ያልኩት!»

«ካንቺ መች ተለዩ?»

ሃያ ሁለት ሰው ቦርሳውን አንሥቶ ብዕሯን ይጠብቃል። ጨመረችበት። ፊደሎቿ እንደ ሁልጊዜው አማሩ። መጀመሪያ እሷ ፈረመች፣ ከዚያ ሁሉም፤ ጋሼ ስፖርት ሲፈርሙ ቀና ብለው አላዩዋትም።

ሰኞ ጠዋት አሥራ አራቱ ተሰልፈው ገቡ። ከጣሪያው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ ሰማይ እንጂ ሰው አይታይባትም። ከግድግዳው ጥግ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ተቆልለዋል። ልጆቹ ሲሳሳቁ ከውጭ አንድ እጅ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው፤ ጫጫታው ሌላውን ክፍል እንዳይረብሽ።

የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ በሐዘኔታ ቀና ብሎ ተመለከታት።

«ቲቸር፣ እርስዎም ወድቀው ነው?»

የሰውን ቃል ሁሉ ስትቀልብ የኖረችው መምህርት ይህችንም ቀለበች። የተዘጋውን በር አየች፤ መስኮቲቱን አየች። ከዚያ አንዱን ወንበር ከግድግዳው አስደግፋ፣ እንዳይጥላት ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አዎ» አለችው። «እኔም ሃያ ቃል አልሞላሁም። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መጽሐፉን ግለጡ።»